ሜርሎና የወለተጻድቅ ሽሮ

ቀራንዮ
ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለማራኪ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። አክስትሽ ወለተጻድቅም ደህና ናት፤ ስትቆጣኝ ድምጿ እስከ መድኃኔዓለም አጥር ድረስ ይሰማል፣ ከዚህ የበለጠ የጤና ምስክር ከየትም አላመጣልሽም።

ሹፌሩ ጉታ የወይኑን ካርቶን በሰላም አድርሶልኛል። አይሱዙውን አየር ጤና፣ ከፍሪጅ መጠገኛ ሱቄ ፊት ለፊት አቁሞ «ጋሼ፣ ከማራኪ ነው፣ ይሰበራል!» እያለ ሲያወርደው የታክሲ ተራ አስከባሪዎቹ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው አዩ። «መድኃኒት ነው» አልኳቸው። አንዱ «እኔንም አሞኛል» አለ።

በስልክ አይሻልም ወይ ላልሽው፣ አይሻልም። ስልክ ሳነሳ አክስትሽ ድምፁን ታስጮኸዋለች፣ ከዚያ ወሬው የእሷ ይሆናል። ባለፈው ስለ ወይን ልጠይቅሽ ደውዬ ስለ ጉንፋንሽ ብቻ አውርተን ተዘጋ። ደግሞም በጽሑፍ ይሁን ያልሽው አንቺው ነሽ።

እንግዲህ ነገሩ ገብቶኝ እንደሆነ በራሴ አባባል ልድገመው። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያለው የወይን ፋብሪካ በሙከራ ቀጥሮሽ ጠርሙስ ላይ ወረቀት ትለጥፊያለሽ። አሁን አለቃሽ አቶ ኃይለመስቀል ለእንግዳ ወይን እያስቀመሰች የምታስረዳ ሰው ይፈልጋሉ። ኅዳር 13 ከአዲስ አበባ ሆቴሎች ሰዎች ይመጣሉ። አራቱን ወይን በአማርኛ አስረድተሽ፣ የትኛው ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚሄድ ነግረሽ ካስደሰትሻቸው ሥራው ያንቺ ነው። ካላስደሰትሻቸው የሙከራው ጊዜ ያልቅና ወደ ሳሎናችን ሶፋ ትመለሻለሽ። መጽሐፉ ደግሞ «የጥቁር እንጆሪ፣ የዝግባና የቆዳ ጣዕም» ይላል። አቶ ኃይለመስቀል «ቆዳ በልቶ የሚያውቅ እንግዳ የለንም፤ ስለ ወይን ያልተማረ፣ ግን ምላስ ያለው ሰው ፈልጊና በእሱ ቃል ጻፊው» አሉሽ። ያልተማረና ምላስ ያለው ሲባል እኔ ትዝ አልኩሽ። ስድብ ይሁን ሙገሳ ብዙ አሰብኩበት። ካርቶኑን ስከፍት ሙገሳ መሆኑ ገባኝ።

ስለ ሶፋው የጠየቅሽኝን አልደብቅሽም። አክስትሽ አንሶላሽንና ብርድ ልብስሽን እንደተውሽው አንጥፋ ትጠብቅሻለች። ዜና ልይ ብዬ ጫፉ ላይ ብቀመጥ «የልጅቷን ቦታ አታጎድጉድ» ትለኛለች። እንድትወድቂ ትጸልያለች አልልም። ግን ስትጸልይ ከንፈሯን አያለሁ፣ ስምሽና ሶፋው አብረው የሚነሱ ይመስለኛል። እኔ ግን ሶፋው እንዲያሸንፍ አልፈልግም። ስለዚህ በሙሉ ልቤ ጠጥቼልሻለሁ። ውጤቱ ይኸው፦

ሜርሎ። ቀይ ነው። ገር፣ ጣፋጭ፣ አፍንጫ የሚኮረኩር። ሲቀዳ አረፋው ያምራል። ከዶሮ ወጥ ጋር ይሄዳል።

ሲራ። ይህም ቀይ፣ ይህም ጣፋጭ። ከጥብስ ጋር ሲሆን ያስገሳና ለሌላ ጥብስ ቦታ ያስለቅቃል።

ካበርኔ ሶቪኞን። ስሙ ከወይኑ ይከብዳል። በጣም ጨዋ ነው፣ ምንም አያስቸግርም። ከክትፎ ጋር።

ሻርዶኔ። ነጭ። አረፋው ከሁሉም ይበልጣል። ከዓሣ ጋር። ይቀዝቅዝ ስላልሽ ሱቅ ውስጥ የዓለም ባንክ ሰፈሩ ወንድዬ ያሠራው ፍሪጅ ውስጥ ከትቼው ነበር። እኔ ምሳ ስወጣ ወንድዬ መጥቶ ፍሪጁን ወሰደ፣ ሻርዶኔውም አብሮ ሄደ። ስደርስበት ግማሹን ጠጥቶ «ጋሽ መኳንንት፣ ፍሪጅ ስታሠራ ምርቃት እንዳለው አላውቅም ነበር» አለኝ። ስለዚህ የሻርዶኔው ምስክርነት የግማሽ ጠርሙስ ነው።

በርቺልኝ።

አጎትሽ መኳንንት


ዝዋይ
ጥቅምት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እትዬስ? እኔ ደህና ነኝ፣ ጉንፋኑም ለቆኛል፣ እባክዎ ለእትዬ ይንገሩልኝ። ሙገሳ ነው፣ ጋሼ። ሙገሳ ነው ያልኩት።

ደብዳቤዎን ለአቶ ኃይለመስቀል አነበብኩላቸው። «ስሙ ከወይኑ ይከብዳል» የሚለው ላይ ሲስቁ መነጽራቸው ወደቀ። ወንድዬንም ወደዷቸው። የምግቡን ዝርዝር እንዳለ ተቀብለውት ካርዱ ወደ ማተሚያ ቤት ሄዷል፤ ዶሮ ወጥ፣ ጥብስ፣ ክትፎ፣ ዓሣ።

ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር አሳስቦናል። አረፋው። የእኛ ወይን አረፋ የለውም። አንዱም። አፍንጫም አይኮረኩርም፣ ማንንም አስገስቶ አያውቅም። አቶ ኃይለመስቀል ወይኑ ታሽጎ ካለቀ በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ እንደገና መፍላት ጀምሯል ማለት ነው ብለው ደነገጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጋዘን ወርደው ጠርሙስ እየከፈቱ ጆሯቸውን አፉ ላይ ያስጠጋሉ። ምንም አይሰማም። ከእርስዎ ካርቶን ጋር አብሮ የተሞላው ወይን በሙሉ ወደ ገበያ እንዳይወጣ ታግዷል። ሠራተኛው ሁሉ እኔን ያየኛል። ወረቀት አብረውኝ የሚለጥፉት «አጎቷ ነው» እየተባባሉ ይንሾካሾካሉ።

ጋሼ፣ ይህን ሥራ ምን ያህል እንደምፈልገው ያውቃሉ። እትዬ እንዳይቀየሙኝ እንጂ፣ እዚህ ጠዋት በወይኑ ማሳ መሃል ወደ ሥራ ስሄድ ከተወለድኩ የመጀመሪያ ጊዜ ራሴን የቻልኩ ይመስለኛል። ስለዚህ በእግዚአብሔር፣ እያንዳንዷን ነገር ይጻፉልኝ። በምን ብርጭቆ ነው የጠጡት? ብርጭቆው ላይ ሳሙና ቀርቶ ይሆን? ሲከፍቱት ድምፅ ነበረው? ምን ያህል ቀዱ?

አክባሪዎ ማራኪ


ቀራንዮ
ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማራኪ፣

ከሰላምታዬ ቀጥሎ፣ አቶ ኃይለመስቀል ጆሯቸውን ጠርሙስ ላይ ደቅነው የሚያሳይ ፎቶ ካለሽ እንድትልኪልኝ እጠይቃለሁ።

ጥያቄዎችሽን እመልሳለሁ። ብርጭቆው የሻይ ብርጭቆ ነው፣ ወለተጻድቅ ያጠበችው፤ ሳሙና ቀርቶበታል ብዬ ለእሷ የምናገር ጀግና አይደለሁም። ቡሹን በካቻቢቴ ነው የነቀልኩት፣ ድምፅ የነበረው ከእኔ ጉሮሮ ነው። ምን ያህል ቀዱ ላልሽው፣ እንደ ጨዋ ሰው ግማሽ ብርጭቆ ወይን ብቻ።

የአረፋውን ምክንያት ግን ደርሼበታለሁ። የጉታ አነዳድ ነው። አየር ጤና ሲመጣ ይዤ መረመርኩት።

«ጉታ፣ ካርቶኑ መንገድ ላይ ይዘላል?»

«እኔም እዘላለሁ፣ ጋሼ።»

«ብዙ?»

«ሞጆ ጋ አናቴ ጣሪያውን ነካ። እዚህ ድረስ ያለውን አይጠይቁኝ።»

ይኸው ነው። አንድ ፈሳሽ ከዝዋይ አየር ጤና ድረስ እንደዚያ ከተናጠ አረፋ ቢያወጣ ምን ይገርማል? ወተትም ሲናጥ ቅቤ ይወጣዋል። የራዲዮንና የፍሪጅን ሙያ ማንም ሳያስተምረኝ እንደደረስኩበት፣ ይህንንም ደርሼበታለሁ። አቶ ኃይለመስቀል ጆሯቸውን ከጠርሙሱ አንስተው ወደ ጉታ ያዙሩ።

ለአለቃሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ወይኑን ቢያግዱም አንቺን እንዳያግዱ።

አጎትሽ መኳንንት

(በወረቀቱ ጀርባ፣ በሌላ እጅ ጽሑፍ)

ማራኪዬ፣ እኔ እትዬሽ ነኝ። ጉንፋንሽ ስለለቀቀሽ መድኃኔዓለም ይመስገን። ጋሼሽ ይህን ለጉታ አድርሺ ብሎ ሲሰጠኝ አነበብኩት። ግማሽ ብርጭቆ ወይን ይልሻል፣ ሌላውን ግማሽ ለምን አይጽፍልሽም? ለቀዩ ለስላሳ፣ ለነጩ አምቦ ውሃ ነዋ የሚሞላበት! ሱቅ ወርጄ የምገዛለት እኔው ነኝ፣ ጠርሙሱን የምመልሰውም እኔው። ጥፋት መስሎኝ አይደለም የምነግርሽ፣ እዚህ ሠርግ ላይ ሁሉም ሰው ወይን የሚጠጣው እንደዚያ ነው። ግን ምስኪኑን ጉታን ስላማብኝ ነው። ሶፋሽ ደህና ነው።


ዝዋይ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበቱ? ቤቱስ፣ ሱቁስ፣ ጎረቤቱስ? የወንድዬ ፍሪጅስ ይሠራል?

ተቆጥቼ አይደለም።

ለአቶ ኃይለመስቀል ነገርኳቸው። መጀመሪያ «ካበርኔዬን በለስላሳ?» አሉ፣ ልክ ሰው ሞቶ እንደተረዱ። ከዚያ መጋዘኑን ከፍተው ያገዱትን ሁሉ ልቀቁት ብለው አዘዙና ቢሯቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ብቻቸውን ሲስቁ ተሰማ። ሳቁ የጥሩ ይሁን የክፉ አላወቅሁም። ሲወጡ ግን እንዲህ አሉኝ፦ «አጎትሽ አንድ ዕድል አላቸው። ይህ ካልሆነ ከመጽሐፉ ላይ ቆዳና ዝግባ እያልሽ ታነቢያለሽ፣ እንግዶቹም እያዛጉ ይሰሙሻል፣ ከዚያ ሁለታችንም ምን እንደሚሆን እናውቃለን።»

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ለእርስዎ ማስተማር አይገባኝም፤ ግን በዚህ ካርቶን ውስጥ ያለውን ወይን ምንም ሳይቀላቅሉበት ይጠጡት። ለስላሳ የለም። አምቦ የለም። በረዶ የለም። መጀመሪያ ያሽትቱት፣ ቀጥሎ ትንሽ ጎንጨት ብለው አፍዎ ውስጥ ያቆዩት። የሚሰማዎትን ብቻ ይጻፉ። መጥፎ ከሆነም መጥፎ ይበሉ።

አንድ መልካም ነገር አለ። ሆቴሎቹ ስብሰባ ስለገጠማቸው ጉብኝቱ ወደ ኅዳር 20 ተገፍቷል። የምግብ ካርዱ ታትሟል፣ እሱ አይነካም። የሚቀረው የወይኑ ገለጻ ብቻ ነው። ጉታ ኅዳር 19 ወደዚህ ይመለሳል፣ በእሱ እጅ ካልደረሰኝ አለቀልኝ።

እትዬን አመሰግናለሁ። ጉታም ያመሰግናል።

አክባሪዎ ማራኪ


ቀራንዮ
ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማራኪ፣

ይቅርታ አልጠይቅም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በለስላሳ የጠጣ ሰው በአንድ ጀምበር ይቅርታ ቢል ማን ያምነዋል? ጉታን ግን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «ምንም አይደል ጋሼ፣ ሞጆ ጋ ያለው እውነት ነው» አለኝ።

አሁን ስሚኝ። ካርቶኑ የደረሰኝ ጾመ ነቢያት ሊገባ ሲል ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ዓለም ባንክ ሠርግ ነበረብን፣ ስንመለስ ጾሙ ገባ። አክስትሽ ድስቱን ሁሉ በአመድ ፈግፍጋ፣ ቅቤውን ከቆጥ ላይ ሰቅላ ጠበቀችኝ። «ክትፎ ለልጅቷ ሥራ ያስፈልጋል» ብላት አየችኝ፤ ያንን አስተያየት ታውቂዋለሽ። ወይኑንስ አልኳት። ብዙ አሰበችና «ለልጅቷ ከሆነ፣ ምላስ ለማርጠብ ያህል» አለች። የእኔ ምላስ ትልቅ መሆኑን ረስታለች። ስለዚህ የቀመስኩት ሁሉ በጾም ምግብ ነው። እንግዶችሽ የሚበሉትን ሥጋ አልነካሁም፣ ክትፎውን እንግዲህ አንቺ በልብሽ ገምቺው።

ካበርኔ ሶቪኞን። ጨዋ ነው ያልኩትን ሰርዢው። መጀመሪያ ስጎነጨው የተበላሸ መሰለኝ። ምድጃ ላይ ተረስቶ የጠቆረ ሻይ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ድድ ይይዛል፣ ጉንጭ ያደርቃል። ከንፈሬን ሳጨማድድ አክስትሽ «ይበልህ» አለች። ከዚያ ሱፍ ፍትፍት አቀረበች። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ጉንጭ። ድዴን ለቀቀኝ! የሱፉ ቅባት ወይኑን አለዘበው፣ ወይኑም ለሱፉ ሞገስ ሰጠው። የማይነጋገሩ ሁለት ጎረቤቶች ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲታረቁ አይተሻል? ልክ እንደዚያ። ስሙ ግን አሁንም ይከብዳል።

ሲራ። ይህ አስቸገረኝ። አንድ ሽታ አለው፣ አፍንጫዬ ያውቀዋል፣ ስሙ ግን ጠፋኝ። በማግስቱ አየር ጤና ቅመም ነጋዴው ኢብራር ጋ ሄድኩ።

«ኢብራር፣ አንድ ሽታ አፍንጫዬ ላይ አለ፣ ስሙን አጣሁት።»

«የምን ሽታ ነው?»

«አልነግርህም፣ ኃጢአት ውስጥ አስገባሃለሁ።»

«ገባኝ። እንግዲያው ራቅ ብለህ ቁም፣ እኔ ጆንያውን እከፍታለሁ።»

ኮረሪማ ከፈተ፣ አይደለም። ቅርንፉድ ከፈተ፣ ጠጋ አለ። ቁንዶ በርበሬ ሲከፍት «እሱ ነው!» ብዬ ስጮህ ገበያተኛው ዞረ። ኢብራር ቀስ ብሎ «ጋሽ መኳንንት፣ ትገዛለህ ወይስ ጆንያዬን ልታሸት ብቻ ነው የመጣኸው?» አለኝ። ገዛሁ። እንግዲህ ሲራ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል። ከምስር ቀይ ወጥ ጋር እንዳትሰጫቸው፣ ሁለቱም እኔ ልናገር እኔ ልናገር እያሉ አፍ ያቃጥላሉ፤ እንባዬ ነው የመጣው። ከእንጉዳይ ጥብስ ጋር ግን ተስማምቶ አደረ።

ሻርዶኔ። ሎሚ አለው፣ የበሰለ ፓፓያ አለው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቅቤ ቅቤ ይላል። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር አክስትሽ «ጾም ነው እኮ!» ብላ ጠርሙሱን ከእጄ ነጠቀችኝ። ሽታው ነው እንጂ ቅቤ የለበትም ብዬ ምዬ አስመለስኩ። ከአዚፋ ጋር ሞክሪው። የአዚፋው ሰናፍጭ አፍንጫሽን ሲመታሽ ሻርዶኔው መጥቶ ያረጋጋሻል።

ሜርሎ። የበሰለ ፕሪም ነው፣ ጣት ሲነካው ውኃ የሚያወጣው ዓይነት። ያለ ለስላሳም ገር ነው፣ ያኔ አልዋሸሁም። አሁን የምጽፈውን ግን ለአክስትሽ በሕይወትሽ እንዳትነግሪ። የለስላሳውን ነገር ለምን ጻፍሽላት ብዬ ትንሽ ብናገራት ተቆጣችና ሽሮውን ጨው አበዛችበት። ተናግሬ ሌላ ጠብ ከማነሳ ብዬ በሜርሎው አወራረድኩት። ጨው የት እንደገባ እንጃ! ሽሮውም ጣፈጠ፣ እሷም «ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ፣ ጨረስከው እኮ» ብላ ሳቀች። ሜርሎ ማለት ባለቤቴ ተቆጥታ የሠራችውን ሽሮ በሰላም የሚያስበላ ወይን ነው። ከዚህ የተሻለ ገለጻ የለኝም።

ምላሴ የቻለው ይህን ነው። ሶፋው እንደተነጠፈ ነው፤ እንዳትመጪ።

አጎትሽ መኳንንት


ዝዋይ
ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናዎን እየጠየቅሁ፣ ዜናውን በመጀመሪያ ከነገርኩዎ ደብዳቤውን ስለማይጨርሱት በተራ በተራው እንድጽፍ ይፍቀዱልኝ። አስቀድሜ ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው ይደርሱበታል።

ደብዳቤዎ አርብ ማታ ደረሰኝ። የሱፉን ነገር አላመንኩም ነበር። ስለዚህ የወጥ ቤቷን እሙን ለነገ የሠራተኛው ምሳ ላይ ሱፍ ፍትፍትና አዚፋ ጨምሪልኝ፣ ልፈትነው ብዬ ለመንኳት። ሽሮና ምስሩ ያው የዘወትር ነው።

እንግዶቹ ቅዳሜ መጡ። ጠረጴዛው ላይ ጥብሱ ይጨሳል፣ ክትፎው በጣባ ተደርድሯል፣ ዶሮው፣ ዓሣው ሁሉ አለ። ካርዴን ይዤ ቆምኩ። አንዲት ትልቅ ሴት ሰሃኑን ፈቀቅ አድርገው «ውይ የኔ ልጅ፣ ጾመኛ ነኝ» አሉ። አጠገባቸው ያለውም «እኔም» አለ። ወዲያ ማዶም «እኛም»። የሚበላ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ሌሎቹን አይቶ እጁን ሰበሰበ።

ጋሼ፣ እኔ ራሴ እኮ ጾመኛ ነኝ! ካርዱ የተጻፈው ለኅዳር 13 ነበር። ቀኑ ሲገፋ ጾሙ ውስጥ መግባቱን እኔ አላየሁም፣ አቶ ኃይለመስቀል አላዩም፣ እሙ አላየችም። ሦስታችንም ጠዋት ቁርስ ሳንበላ ክትፎ ስንደረድር ነው የዋልነው። አቶ ኃይለመስቀል አዩኝ። እኔ እሙን አየኋት። እሙ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች።

የሠራተኛው ምሳ በትሪ መጣ። በእጄ ያለው ካርድ አንድም ቃል የሚጠቅም አልነበረውም። የሽርጥ ኪሴ ውስጥ ግን የእርስዎ ደብዳቤ ነበር። አውጥቼ እንዳለ አነበብኩላቸው።

ጎረቤቶቹ ለቅሶ ቤት የታረቁበት ጋ ስደርስ እንግዶቹ ሱፍና ካበርኔ ሲያጣጥሙ አየሁ። ኢብራርን ወደዱት። እንጉዳይ አልነበረንም፣ ምስሩን ከሲራ ጋር እንዳትሞክሩት፣ አጎቴ አልቅሰዋል ስላቸው ሁሉም ሞክረው ሁሉም አለቀሱ። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «ለስላሳ አይኖርም?» አሉኝ። አቶ ኃይለመስቀል ሰሙ። ራሳቸው ሄደው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ አምጥተው ፊታቸው አስቀመጡና «እንግዳ እንደፈለገ ይጠጣል፣ መጀመሪያ ግን አንድ ጉንጭ ንጹሑን ይቅመሱልኝ» አሉ። ሽማግሌው ቀመሱ። ለስላሳው ሳይከፈት ቀረ።

አሁን ይቅርታ የጠየቅሁበት ጋ ደረስኩ። ሜርሎው ላይ ስደርስ ወደፊት ሳላይ ነበር የማነበው። «ለአክስትሽ በሕይወትሽ እንዳትነግሪ» የሚለውን ካነበብኩ በኋላ ማቆም አልቻልኩም፣ ቀጥይ ቀጥይ ብለው ጮኹ። ጨርሼ ቀና ስል ትልቋ ሴት እንባቸውን እየጠረጉ ሽሮውን ቀመሱና «የዚህም ባለቤት ተቆጥታ ነበር» አሉ። እሙ እስካሁን አላናገረችኝም።

ማታ አቶ ኃይለመስቀል የማሸጊያ ክፍሉን ኃላፊ ጠርተው «ከሰኞ ጀምሮ ወረቀት የሚለጥፍ ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉ። ደንግጬ ተነሳሁ። «አንቺ እንግዳ አለብሽ» አሉኝ።

አዲሱ ካርድ በእርስዎ ቃል እየታተመ ነው። አንድ ቅጂ በጉታ እልክልዎታለሁ። የእትዬ ስም የለበትም፣ «ባለቤቴ» ብቻ ነው የሚለው። ቢሆንም በእግዚአብሔር፣ እንዳያዩት ይደብቁት።

አክባሪዎ ማራኪ


ቀራንዮ፣ ከሶፋው ላይ
ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይን አስረጂዋ ለማራኪ፣

እንኳን ደስ ያለሽ! ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ ቆሜ አንብቤ፣ ለተራ አስከባሪዎቹም አንብቤ፣ ለኢብራርም አነበብኩለት። «ስሜ ወይን ፋብሪካ ደረሰ? ለእናቴ እንዳትነግር» አለኝ። ግን ሲስቅ ነበር።

ካርዱን ደብቅ ላልሽው፣ ደብቄው ነበር ለማለት ያህል እንኳ ዕድል አላገኘሁም። ጉታ ካርዱን ይዞ ሲመጣ እኔ ዓለም ባንክ፣ ወንድዬ ጋ ነበርኩ፤ ፍሪጁ እንደገና ተበላሽቷል፣ ወይን ለምዶ ይሆናል። ጉታ ደግሞ የዋህ ነው፣ እስከ ቤት ወሰደው። አክስትሽ መነጽሯን አጥታ «እስኪ ልጄ፣ ማራኪዬ ምን ጽፋለች?» አለችው። እሱም ግቢው መሃል ቆሞ፣ ጎረቤት እስኪሰማ፣ ስሜት እየሰጠ አነበበላት። «ባለቤቴ ተቆጥታ የሠራችውን ሽሮ» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሳቀ። ብቻውን መሳቁን ያወቀው ዘግይቶ ነው።

ስገባ ትራሴ ሳሎን ነበር። «የት ልተኛ ነው?» አልኳት። «የወይን ሊቅ አይደለህ? ቦታህን አንተው ምረጥ» አለች። ከሶፋውና ከወለሉ ሶፋውን መረጥኩ። ማራኪ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ እዚህ ላይ ስትተኚ መሃሉ ላይ ያለው ሽቦ ጎንን እንደሚወጋ አንድ ቀን አልነገርሽኝም። እኔ እኮ ፍሪጅ የምጠግን ሰው ነኝ፣ ሽቦ ይቸግረኛል?

«እትዬ እንዳይቀየሙኝ» ያልሽውን አልረሳሁም። አልተቀየመችሽም። እኔን ነው። የቀረውን ራሷ እጽፋለሁ ብላ እስክሪብቶውን እየጠበቀች ነው። ከላዬ ላይ ቆማለች።

አጎትሽ መኳንንት

ማራኪዬ፣ እትዬሽ ነኝ። ሽሮዬ ጨው አልበዛበትም። ይህን ለእንግዶችሽ ንገሪልኝ፣ በተለይ ለዚያች ትልቅ ሴት። እውነቱን ለማወቅ ብዬ እንደገና ሠርቼ ከሜርሎው ጋር ቀመስኩት፣ ያለ ለስላሳ። ከዚህ በላይ አልናገርም። ሁለት ጠርሙስ ላኪ።

እዚያ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ብርድ አለው አለኝ ጉታ። አንሶላሽንና ብርድ ልብስሽን አጥቤ በእሱ ልኬልሻለሁ፣ ጋሼሽ በካፖርቱ ይተኛል። ሥራሽን አክብረሽ ሥሪ። ለበዓል ስትመጪ አንጥፍልሻለሁ። ለመኖር ግን እዚያው ሁኚ ልጄ፣ ሶፋው ተይዟል።